ለአሳ ገንዳዬ ባላስት ያሠራሁት የላሜራ ሳጥን

ፀጉር ቤቴ ውስጥ የአሳ ገንዳ አለ። ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 200 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ካስክ ውስጥ የተቀመጠች ደንበኛ የስልኳ ባትሪ ሲያልቅ የምታየው ነገር ይኑር ብዬ ነው የገዛሁት። አልተሳሳትኩም። አሁን ልጆች እናታቸውን «አሳ ያለበት ጋ እንሂድ» እያሉ የሚጎትቱበት ቤት ሆኗል።

ከፊት ሲያዩት ያምራል። ከኋላው ግን ጉድ ነበር። መብራቱ ሁለት ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ባላስት አለው፤ ወደ ቱቦው የሚሄደውን ከረንት የሚመጥነው ያ ከባዱ፣ ብረት የሆነው ዕቃ። የገጠመልኝ ልጅ ሁለቱንም ካቢኔው ላይ ከገንዳው ጀርባ አጋደማቸው፤ መጋጠሚያቸውን በናስትሮ ጠቀለለና «አለቀ እህቴ» ብሎኝ ሄደ። እኔም አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት እንዲሁ ኖርን።

አንድ ሰኞ ውሃ ስቀይር ጎማው ከእጄ አመለጠ። ውሃው ግድግዳውን መትቶ ወረደና ከአንዱ ባላስት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። እጄ እርጥብ፣ እግሬ እርጥብ። ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኩት። መብራቱም በርቷል። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩና ለአሥር ደቂቃ ያህል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ይሄ ነገር ቤት ያስፈልገዋል ያልኩት ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት የፕላስቲክ ጃንክሽን ቦክስ ነበር። ላዩ ላይ አይፒ 65 ይላል። አቧራም አያስገባም፣ ከየትም ቢረጭበት ውሃም አያስገባም ማለት ነው። እውነቱን ነው፣ አያስገባም። ግን ሙቀትም አያስወጣም። በሳምንቱ ክዳኑ ምጣድ ላይ እንደተረሳ ቂጣ ጎበጠ። ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ፀጉር የሚሸተው አፍንጫዬ እንኳን አዲሱን ሽታ ለየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ 36 ዋቱ ቱቦ ሲበራ ባላስቱም ለራሱ 8 ወይም 9 ዋት ገደማ ይበላል። እሱ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ሁለቱ ሲደመሩ 18 ዋት አካባቢ ይሆናል። ሞባይል ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡባት ትንሿ ብረት ከዚያ ብዙ አትርቅም። እሷን በቀን ስምንት ሰዓት ዝግ ሳጥን ውስጥ እንደመተው ቁጠሩት። ባላስቱ ላይ «ቲደብልዩ 130» የሚል ምልክት አለ። ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እየጋለ ለ10 ዓመት ያለማቋረጥ እንዲሠራ ታስቦ ተሠርቷል ማለት ነው። ባላስቱስ ይችላል። የማይችለው ዙሪያው ያለው ነው።

ቀጥሎ አናጺ ጋ ሄጄ በቺፑድ አሠራሁ። ስለሱ ብዙ አልናገርም። ውሃ ጠብ ሲልበት ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ የጋለ ብረት አቅፎ መቀመጡን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ወር ሳይሞላው አወጣሁት።

ዛሬ ልጽፍበት የተነሳሁት ሦስተኛው ነው። መርካቶ ውስጥ ላሜራ ከሚቆርጡና ከሚያጥፉ ቤቶች በአንዱ ያሠራሁት ሳጥን። የምወቅስበትም ነገር ስላለኝ የቤቱን ስም ልተወው። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። በካርቶን የሠራሁትን ሞዴል ሳሳያቸው አገላብጠው አዩት።

«ለምጣድ ነው የኔ ልጅ?»

«አይ ጋሼ፣ ለአሳ ነው።»

«አሳው እዚህ ውስጥ ሊገባ?»

«የመብራቱ ዕቃ ነው የሚገባው እንጂ አሳውማ ውሃው ውስጥ ነው።»

ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን «ይሞቃል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው መተንፈሻ እናውጣለት።» እኔ ገና አፌን ሳልከፍት። እዚህ ቤት ማሠራት አለብኝ ያልኩት ያኔ ነው።

ያዘዝኩት ሳጥን 45 በ15 በ12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር። ቀዝቃዛ አየር እንዲገባ ከታች የቀዳዳ ረድፍ፣ የሞቀው እንዲወጣ ደግሞ ጎኖቹ ላይ ከላይ በኩል ሌላ ረድፍ። ክዳኑ እንደ ቤት ጣሪያ በሁለት ጣት ወጣ ያለ፣ ከላይ የሚወርድ ውሃ ቀዳዳዎቹን እንዳያገኝ። ሽቦ የሚገባው ከታች ብቻ፣ ጠርዙ እንዳይቆርጠውም ጎሚኒ ይደረግበታል። በመጨረሻም አንድ የኧርዝ ብሎን፣ ያፈተለከ ከረንት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ የሚታሰርበት። ዋጋው 2,400 ብር።

ቀጠሮው ሦስት ቀን ነበር። የወሰድኩት በዘጠነኛው ቀን ነው። «ነገ ነይ»ን በስልክ አራት ጊዜ፣ በአካል ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ሥራቸው ግን ሥራ ነው። እጥፋቱ ቀጥ ያለ ነው። ብየዳው ተሞርዷል። ቀዳዳዎቹ የሕፃን ጣት አያስገቡም። አንድ እኔ ያላሰብኩትንም ጨመሩልኝ፤ ስታርተሮቹ፣ ቱቦውን የሚያስነሱት ትንንሽ ዕቃዎች፣ በሚገቡበት በኩል ሁለት ክብ ቀዳዳ አወጡ። አሁን ስታርተር ሲበላሽ ሳጥኑን ሳልከፍት ከውጭ አዙሬ አወጣዋለሁ። ለዚህች ብቻ እመርቃቸዋለሁ።

ወደ ወቀሳው። የላይኛውን የቀዳዳ ረድፍ ጎኑ ላይ በማድረግ ፈንታ ክዳኑ ላይ በስተውት ጠበቁኝ። ውሃ እንዲገባ የተመቻቸ ነገር። «አየሩ በቀጥታ ይውጣ ብዬ ነው» አሉኝ። ትንሽ ተከራከርንና አዲስ ክዳን በነፃ ሠሩልኝ። ጎኖቹንም በሱት። የውስጥ ጠርዙ ደግሞ ምላጭ ነው። አውራ ጣቴን ቆርጦኝ ለሁለት ቀን ሻምፑ በነካኝ ቁጥር ስንገበገብ ሰነበትኩ። በሞረድ የጨረስኩት ራሴ ነኝ።

ትልቁ ጥፋት ግን በዓይን የማይታየው ነበር። የኧርዝ ብሎኑ አለ፤ ያምራል፤ ጠብቋል። ኤሌክትሪሺያኑ ሊገጥም ሲመጣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ብሎኑ ላይ፣ ሌላውን ሳጥኑ ላይ አደረገ። ዝም። አንድ ጥግ ላይ ያለውን ቀለም ጫር አድርጎ ደገመው። አሁንም ዝም። ፈታው። ለካ ሳጥኑ መጀመሪያ ቀለም ተቀብቶ ነው ብሎኑ የገባው፤ ቀለሙ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብሎኑ ጌጥ ነበር ማለት ነው። «ኧርዝ የሌለው ብረት ሳጥን ከፕላስቲኩ ይብሳል» አለኝ። ሽቦ ተልጦ ቢነካው ሳጥኑ በሙሉ ይነዝራል። በቢላ ብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም እስኪያብረቀርቅ ፋቀው፣ መልሶ አጠበቀው፣ ለካው። ጢጥ አለ። ያቺን ጢጥ የሰማሁ ቀን ደንበኞቼን ቡና ጋበዝኩ።

ሁለተኛ የገረመኝ ድምፁ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የባላስቱ ብረት በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ካቢኔው ላይ ሳለ ትንሽ እምምም ይል ነበር። ላሜራው ውስጥ ሲገባ ክራር ሆነልኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ባላስቱ ሥር ላስቲክ ማንጠፍ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ከለከለኝ። ባላስቱ በቀጥታ ላሜራው ላይ ሲታሰር ሙቀቱን ለሳጥኑ ያካፍላል፤ ላስቲክ ከገባበት ግን ሙቀቱን ታቅፎ ይቀራል። ስለዚህ ላስቲኩን በሳጥኑና በካቢኔው መሀል አደረግነው፤ ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጡ አራት ቁራጮች። ካስኩ ሲነሳ አሁን አይሰማም። ካስኩ ሲጠፋ ጆሮ ሰጥተው ካዳመጡ ይሰማል።

ቦታው የካቢኔው የቀኝ ጎን ነው፣ ወደ ጥግ የዞረው። ከወለል ጉልበት ያህል ከፍ ብሏል። ወለል ላይ ቢሆን ገንዳው ያፈሰሰ ቀን ይዋኛል። ከገንዳው በላይ ቢሆን ደግሞ ከእነ ብሎኑ አሳ መጠየቅ ይሄዳል። ሽቦዎቹ ከመብራቱ ወርደው ከሳጥኑ በታች ትንሽ ተንጠልጥለው ነው ወደ ላይ የሚገቡት። ሽቦ ተከትሎ የሚመጣ ጠብታ እታች ጎባጣው ላይ ደርሶ ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ ሽቅብ አይወጣም። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣውን ደግሞ አስገጠምኩ፤ 30 ሚሊአምፒር ከረንት ሲያፈተልክ የሚያጠፋ ብሬከር። ከሳጥኑ ይልቅ እኔን የሚጠብቀኝ እሱ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ባላስት ያላችሁ ሳጥኑን አርቃችሁ ከመስቀላችሁ በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከባላስቱ እስከ ቱቦው የሚሄደው ሽቦ የርዝመት ገደብ አለው። የእኔ ዓይነቱ የብረት ባላስት በዚህ በኩል ችግር የለበትም። የሚጎዳው ሌላ ነው። ቱቦው አርጅቶ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ስታርተሩ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ያኔ ባላስቱ ከወትሮው በላይ ይግላል። አምፖሉን ነገ እቀይራለሁ አትበሉ።

«ለምን ኤልኢዲ አታደርጊውም?» የሚለኝ ሰው በሳምንት አንድ አይጠፋም። ልክ ነው። አውሮፓ ኅብረት እንደነዚህ ያሉ ቱቦዎች አዲስ ለገበያ እንዳይቀርቡ ካደረገ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ነሐሴ ላይ ነው። እኔ ግን መጋዘኔ ውስጥ ገና ስድስት ቱቦ አለኝ፤ ገንዘቤ ነው። እነሱ ሲያልቁ እናወራለን።

ሳጥኑ ከተገጠመ አምስት ወሩ ነው። መብራቱ ለስድስት ሰዓት ያህል በርቶ ከቆየ በኋላ እጄን ክዳኑ ላይ አሳርፋለሁ፤ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም። ይህን ከእኔ ቀድማ ያወቀችው የግቢያችን ድመት ናት። ክዳኑ ላይ ትተኛለች። ያ የመጀመሪያው ክዳን ቢሆን ኖሮ መተንፈሻውን በሆዷ ትደፍነው ነበር። አሁን ቀዳዳው ጎን ላይ ስለሆነ ብትተኛም አየሩ ይወጣል። ጠዋት ሱቁን ስከፍት፣ መብራቱ ገና ሳይበራ፣ ቦታ ይዛ ትጠብቀኛለች።