በ12 ቀን «ራስን መከላከል» ተብዬ የተበላሁት 6,500 ብር

ይህን የምጽፈው በአብዛኛው በግራ እጄ ነው። ቀኙ ከጀሶ ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው፤ ስልክ ስይዝበት ያመኛል። ፊደል ከሳትኩ ይቅር በሉኝ።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። የምወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል። ከታክሲ ወርጄ ቤት እስክገባ መብራት የሌለው አንድ ቅያስ አለ። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችንን እዚያ ጋ ከኋላዋ «ሃንግ» አድርገው ቦርሳዋንና ስልኳን ወሰዱባት። ከዚያ ወዲህ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። እዚህ ስሜት ላይ እያለሁ ነው ቲክቶክ ላይ ያ ቪዲዮ የመጣልኝ። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ቢላ የያዘ ጎረምሳ፣ ከዚያ ጧ! ጎረምሳው መሬት ላይ። «በ12 ቀን ራስሽን ጠብቂ። ለሴቶች ብቻ። የእስራኤል ጦር የሚሠራበት የራስ መከላከያ ስልት፣ ክራቭ ማጋ። ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት።»

ዋጋው ዩኒፎርም ጨምሮ 6,500 ብር። ስደውል «እህቴ፣ ዛሬ ከከፈልሽ ነው፤ ነገ 9,000 ይገባል» ተባልኩ። ለሌላ ሰው ቢሆን «ተረጋጊ፣ መጀመሪያ ሄደሽ እይው» እል ነበር። ለራሴ ሲሆን ግን እዚያው በቴሌብር ላክሁ። ደረሰኝ? «ስትመጪ ይሰጥሻል።» መጣሁ፣ ሄድኩ፣ መጣሁ፣ ደረሰኙን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ። ጥግ ላይ አራት የስፖንጅ ምንጣፍ ተደርቦ ቆሟል፤ እሱ የሚነጠፈው ቪዲዮ ሲቀረጽ ብቻ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት። ወደ ሠላሳ ሴቶች ነበርን፣ አሰልጣኙ አንድ። ሰውነት ማሟሟቂያው አምስት ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ በቀጥታ ቢላ!

አሰልጣኙ («ማስተር» በሉኝ ይላል) ረዳቱን ይጠራል። ረዳቱ የፕላስቲክ ቢላውን ቀስ ብሎ ይዘረጋና ፎቶ እንደሚነሳ ሰው እጁን አየር ላይ ያቆመዋል። ማስተር አንጓውን ይይዛል፣ ይጠመዝዛል፣ ረዳቱ ራሱ ዘሎ ይወድቃል። እኛ እናጨበጭባለን። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነን እኛም እንደዚያው። ጥንዴ እጇን ዘርግታ ትቆምልኛለች፣ እጠመዝዛለሁ፣ ቢላው ይወድቃል። በአራተኛው ቀን ማታ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጨለማ ቅያስ ስልኬን አውጥቼ እያወራሁ ነው ያለፍኩት። አሁን ሳስበው ከእጄ መሰበር በላይ የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው።

ያነቃኝ ወንድሜ ነው። ልጅ ሆኖ ስድስት ዓመት ያህል ቴኳንዶ ሠርቷል። የተማርኩትን ላሳየው ስል «ነጭ ቲሸርት ልበሺ» አለኝና ከእህታችን ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ ቀይ ማርከር አውጥቶ ክዳኑን ነቀለ። «ቢላው ይሄ ነው። በይ ቀሚኝ።» እጁን ግን አልዘረጋልኝም። በግራው ትከሻዬን ጨምድዶ ይዞ በቀኙ አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ ወጋ ወጋ አደረገኝ። አንዱን ያዝኩ ስል ሁለቱ ገብቷል። አሥር ሰከንድ እንኳ የቆየ አይመስለኝም። መስታወት ፊት ስቆም ሆዴ ላይ ሰባት፣ ክንዴ ላይ አራት፣ አንገቴ ሥር አንድ ቀይ ምልክት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ኧረ ምን ጉድ ነው? ይሄን ማን ሊያጥበው ነው!» አለች። ወንድሜ «እኔም እኮ ቢላ አልቀማም፤ እሮጣለሁ» ብሎ ማርከሩን መለሰ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ተከፍሏል! ብሩ አንጀቴን በላውና ሄድኩ።

በሰባተኛው ቀን መጣል ተጀመረ፤ ሴራሚኩ ላይ። ወንድሜ በኋላ እንደነገረኝ ጁዶ የሚያሠራ ደህና አሰልጣኝ ጀማሪን ሌላ ሰው ከማስጣሉ በፊት መውደቅ ነው የሚያስተምረው። «ኡኬሚ» ይሉታል። አገጭ ወደ ደረት ይሰበሰባል፣ ክንድ በሙሉ ርዝመቱ ምንጣፉን ይመታል፣ መዳፍ ግን ፈጽሞ ወደ ኋላ አይተከልም። እኛን ይሄን ያስተማረን የለም። ጥንዴ ስትጥለኝ እንደ ማንኛውም ሰው እጄን ወደ ኋላ ተከልኩ። ቀጭ አለ። ማስተር አይቶ «ወለምታ ነው፣ በረዶ ያዢበት» አለኝ። ራጁ ግን የአንጓ ስብራት አሳየ፤ ስድስት ሳምንት ጀሶ።

እጄን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ደግሞ ይብሳል። «የሃንግ መፍቻ» ብሎ አንዷን ልጅ ከኋላ አነቃት። ልጅቱ ክንዱን መታ መታ አደረገች። በየትኛውም ደህና ቦታ ይሄ «ልቀቀኝ» የማለት ምልክት ነው፤ መታ ያደረገ ሰው ወዲያው ይለቀቃል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። እሱ ግን «ትንሽ ታገሺ፣ ልመጂው» አላት። ጉልበቷ ሲከዳት ነው የለቀቃት። ማነቅ አይለመድም። በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚወጡት የደም ሥሮች በደንብ ከተጫኑ ሰው በአሥር ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል፤ ከዚያ በላይ ከተያዘ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ድምፅ ከጎረነነ፣ ለመዋጥ ካስቸገረ፣ ራስ ካዞረ «ይተዋል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ሐኪም ይይ።

ሌላም ነገር ነበር። የወደቀን ሰው ጭንቅላት መርገጥ ያስተምር ነበር፣ «እንዳይነሳ ጨርሺው» እያለ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን ጥቃቱ በሕገ ወጥ መንገድ የመጣ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ልናስቀረው የማንችለው፣ የእኛም አጸፋ ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን ሲሆን ነው። የወደቀውን ረግጠሽ ብትጎጂው ዳኛ ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ፤ ማስተር አብሮሽ አይቆምም።

ስለ ሰርተፍኬቱ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው በእሱ ነው። ክራቭ ማጋን በብራቲስላቫ ያደገው ኢሚ ሊክተንፌልድ እንደጀመረው ይነገራል፤ በእስራኤል ጦር ውስጥ መስፋፋቱም እውነት ነው። ዛሬ ግን በስሙ የሚያሠለጥኑና ወረቀት የሚሰጡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ አንድ ወጥ ባለቤት የለውም። ስለዚህ «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይደለም፣ «ማን ሰጠህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቴኳንዶ ላይ ይሻላል። ወርልድ ቴኳንዶ በሚባለው ድርጅት መስመር የጥቁር ቀበቶ ወረቀት የሚመጣው ሴኡል ካለው የቴኳንዶ ማዕከል፣ ከኩኪዎን ነው፤ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም በድረ ገጹ ይጣራል። ከአንደኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ነው) ወደ ሁለተኛ ለማለፍ እንኳ ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠብቃል፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሁለት ዓመት። አይቲኤፍ (ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የተመሠረተ ሌላ ድርጅት ነው፤ የራሱን ወረቀት ይሰጣል። የሁለቱንም ማኅተም አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ካያችሁ (እኛ ጋ ተሰቅሎ ነበር) ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

እና የት እንሂድ ለምትሉ፦ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩ። «ማየት አይቻልም» ካሉ በቃ። ወለሉን በእግራችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ ምንጣፉ ተገጣጥሞ የተነጠፈ ነው ወይስ እንደኛው ጥግ ላይ ነው? ጥንዶቹን እዩ፤ እየቆየ የሚታገል፣ እምቢ የሚል፣ የሚጎትት ጥንድ ከሌለ ያ ልምምድ ውዝዋዜ ነው። የጥርስና የቅልጥም መከላከያ ለብሰው ቀስ በቀስ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) የሚሠሩበት ይሁን። ደህና አሰልጣኝ ስለ መሸሽ፣ ስለ መጮኽ፣ ቦርሳን ወርውሮ ስለ መሮጥ ከምት በላይ ያወራል። ክፍያ በወር በወር። ደረሰኝ ከብር ጋር እኩል።

እኔ ገንዘቤን ስጠይቅ ያሳዩኝ የፈረምኩትን ፎርም ነው፤ «ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» ይላል፣ በትንንሽ ፊደል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ስለምንገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለን ይናገራል፤ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንስቼ፣ የቴሌብሩን መልእክትና ራጁን ይዤ ንግድ ቢሮ አመልክቻለሁ። ከእኔ ጋር የነበራችሁ ካላችሁ የላካችሁበትን መልእክት አታጥፉት።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ በቴሌግራም አንድ ፋይል ላኩልኝ። ገንዘቤን የመለሱ መስሎኝ ከፈትኩት። ሰርተፍኬቴ ነው። የአባቴ ስም ተሳስቷል። «የ12 ቀኑን ሥልጠና በከፍተኛ ብቃት አጠናቃለች» ይላል።