ቶፕ ገን፡ የድሮው ወይስ አዲሱ?

በ1986 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የተዋጊ ጄት አብራሪዎች ፊልም «ቶፕ ገን» እና በ2022 በመጣው «ቶፕ ገን፡ ማቬሪክ» መካከል 36 ዓመት አለ። አንዱን ምረጥ ብባል ሁለተኛውን ነው።

የቶኒ ስኮት የመጀመሪያው ፊልም በሙዚቃውና በወጣትነት ወኔው ልብ ይሰርቃል። ታሪኩ ግን ሳሳ ይላል።

ጆሴፍ ኮሲንስኪ ባዘጋጀው ሁለተኛው ፊልም ተዋናዮቹ ኤፍ-18 ጄት ውስጥ፣ ከእውነተኛ አብራሪ ጀርባ ተቀምጠው ነው የተቀረጹት። ጄቱ ሲታጠፍ ጉንጫቸው ወደ ታች ሲጎተት፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ታያላችሁ። ያ ትወና አይደለም!

ከሁሉም በላይ ግን የቫል ኪልመር ትዕይንት። በጉሮሮ ካንሰር ድምፁን ያጣው ተዋናይ፣ ዋናውን ተዋናይ ቶም ክሩዝን በኮምፒውተር እየጻፈ ያወራዋል። በመጀመሪያው ፊልም ባላንጣ የነበሩት ሁለቱ ሲተቃቀፉ አንጀት ይበላል። ለዚህ ትዕይንት ሲባል የመጀመሪያውን ቀድሞ ማየት ግድ ነው።