ስታታ፣ ኢቪውስ ወይስ አር? ከመግዛትዎ በፊት ዳታዎ በየትኛው በር እንደሚገባ ይዩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ «ግኝት» ነበረኝ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣውን የቡና ወጪ ንግድ ገቢ ከዓለም ባንክ የቡና ዋጋ ጋር በዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር ውስጥ በአንድ ሠንጠረዥ አዋሃድኩ። ግራፉን ስስለው የእኛ ገቢ ከዓለም ዋጋ ስድስት ወር ቀድሞ ይወጣል፣ ስድስት ወር ቀድሞም ይወርዳል። የጅማ ገበሬ የኒውዮርክን ገበያ ይተነብያል ማለት ነው! ጽሑፉን ልጀምር ስል አንድ ወዳጄ «ለመሆኑ ያንተ አንደኛ ሩብ ዓመት መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ነገሩ እዚያው አበቃ። የባንኩ አንደኛ ሩብ ዓመት ሐምሌ ላይ ይጀምራል፤ ሶፍትዌሩ ግን «አንደኛ ሩብ» ሲባል ጃንዋሪን ብቻ ነው የሚያውቀው። የሐምሌን ቡና ወስጄ ጃንዋሪ ላይ ተክዬው ኖሯል። ሶፍትዌሩ ትንፍሽ አላለም።

ስታታ፣ ኢቪውስና አር የኢኮኖሚክስ ዳታ የሚተነተንባቸው ሶፍትዌሮች ናቸው። «የትኛውን ልግዛ?» ብለው የሚጠይቁኝ ተመራቂ ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚያነሱት የሞዴል ስም ነው። ኤአርዲኤል (ያለፉ ጊዜያትን ቁጥሮች የሚጠቀም የጊዜ ተከታታይ ሞዴል) ይሠራል? ፓነል (እነዚያኑ ቤተሰቦች ወይም ሀገሮች በተለያየ ጊዜ የሚከታተል ዳታ) ይሠራል? ፕሮቢት (መልሱ አዎ ወይም አይ ለሆነ ነገር የሚሆን ሞዴል) አለው? መልሱ ለሁሉም አዎ ነው። አንድ ዓይነት ዳታና አንድ ዓይነት ሞዴል ከሰጧቸው ተራ ሪግሬሽን (አንድ ነገር ከሌሎች ጋር ያለውን ግንኙነት የሚለካ ስሌት) በሦስቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ይወጣዋል። ሰው ሳምንታት የሚፈጀው ከዚያ በፊት ነው፤ ፋይሉን ከፍቶ፣ አጽድቶ፣ ከሌላ ፋይል ጋር አጋጥሞ እስኪያስገባ ድረስ። ስለዚህ እኔ የማነጻጽራቸው በመግቢያው በር በኩል ነው።

ዳታው የቤተሰብ ጥናት ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ አላመነታም፤ ስታታ ነው።

የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደውን የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት እንውሰድ። የመጀመሪያው ዙር እ.ኤ.አ. በ2011/12 ተካሄደ፤ ከዚያ በ2013/14፣ በ2015/16፣ በ2018/19 እና በ2021/22 ቀጠለ። አራተኛው ዙር አዲስ ናሙና ስለያዘ ከቀደሙት ሦስቱ ጋር ቤተሰብ ለቤተሰብ አይያያዝም፤ ይህን ሳያነቡ አምስቱንም አንድ ፓነል ለማድረግ የሞከሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፋይሎቹ ከዓለም ባንክ የዳታ ማከማቻ በነጻ ይወርዳሉ፤ የሚመጡትም በስታታ ቅርጽ ነው። የአንዱ ዙር ብቻ በአሥሮች የሚቆጠሩ ፋይሎች አሉት። የቤተሰብ አባላት በአንዱ፣ የማሳ ስፋት በሌላው፣ የከብት ቁጥር በሦስተኛው፣ የመንደሩ ሁኔታ በአራተኛው ተቀምጠዋል። ሥራው ሁሉ ማጋጠም ነው።

ስታታ ሁለት ፋይሎችን ባዋሃዱ ቁጥር ያለ ጥያቄ ሒሳብ ያቀርባል፤ ይህን ያህል ከመጀመሪያው ፋይል ብቻ የመጣ፣ ይህን ያህል ከሁለተኛው ብቻ፣ ይህን ያህል ደግሞ የተገጣጠመ። በአር የተለመደው የማዋሃጃ ትእዛዝ ሳይገጣጠሙ የቀሩትን እርስዎ ካልጠየቁት አይነግርዎትም። ትንሽ ነገር ይመስላል። ወረዳዎችን በስም ለማጋጠም የሞከረ ሰው ግን ዋጋውን ያውቃል፤ ለኮምፒውተር «ሐረሪ» እና «ሀረሪ» ሁለት የተለያዩ ክልሎች ናቸው። እኛ ሦስቱን ሀዎች አንድ አድርገን እናነባቸዋለን፤ ማሽኑ እንደ ቅኔ መምህር ይለያቸዋል። በፊደላችን የተጻፈ ዳታ ያለው ሰው የእትሙን ዘመንም ይጠይቅ፤ ስታታ ግዕዝ ፊደልን በትክክል የሚይዘው ከ14ኛው እትም ወዲህ ነው፤ አር በዊንዶውስ ላይ ከዚህ ጣጣ የተገላገለው ከ4.2 ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የናሙና ክብደት፣ ማለትም የተጠየቀው እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ቤተሰቦችን እንደሚወክል የሚያሳየው ቁጥር ነው። የጥናቱን አወቃቀር፣ ማለትም ክብደቱን፣ የቆጠራ ቦታውንና የናሙና ክፍሉን፣ ለስታታ አንድ ጊዜ ከነገሩት በኋላ ከእያንዳንዱ ስሌት በፊት አጭር ቅድመ ትእዛዝ ማስቀደም ብቻ ይበቃል። አርም በጥሩ ፓኬጅ (ለብቻው በሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) ይህን ይሠራል። ኢቪውስ ለዚህ አልተፈጠረም፤ አያስገድዱት።

ስታታ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ሻጩ አይነግርዎትም። በስታታ ዘንድ ባዶ ቦታ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። «ገቢያቸው ከ10,000 ብር በላይ የሆኑትን ቁጠርልኝ» ቢሉት መልስ ያልሰጡትን ሁሉ ከሀብታሞቹ ጋር ደምሮ ይቆጥርልዎታል። አር በተቃራኒው ግትር ነው፤ አንድ ባዶ ቦታ ካለ አማካዩንም ባዶ አድርጎ ይመልሳል። ጀማሪውን ያበሳጫል እንጂ አያታልለውም። በዚህ ነጥብ ልቤ ከአር ጋር ነው።

የስታታ እትሞች ሦስት ናቸው፤ ቢኢ እስከ 2,048 ተለዋዋጮች፣ ኤስኢ እስከ 32,767፣ ኤምፒ እስከ 120,000 ይይዛሉ፤ ኤምፒ በተጨማሪ የኮምፒውተሩን ብዙ የማስሊያ ክፍሎች (ኮሮች) በአንድ ጊዜ ያሠራል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ቢኢ ይበቃል። ትልቁን ይግዙ የሚልዎትን ሰው «የትኛው ፋይሌ ነው ከ2,048 ዓምድ የሚያልፈው?» ብለው ይጠይቁት። ሌላው ልብ የሚባለው፣ አሮጌ ስታታ በአዲሱ የተቀመጠ ፋይል ላይከፍት መቻሉ ነው። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የቆየ እትም ካለ ዳታውን የሚልክልዎት ሰው በአሮጌው ቅርጽ እንዲያስቀምጥልዎት ይንገሩት።

ዳታው የጊዜ ተከታታይ ከሆነ

የዋጋ ንረት፣ የምንዛሪ ተመን፣ የገንዘብ አቅርቦት፣ ወጪ ንግድ። በሀገራችን በማክሮ ኢኮኖሚ የሚጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ አብዛኛው አርባ ዓመት ገደማ የሚሸፍን ዓመታዊ ዳታ ላይ ይቆማል። አርባ ረድፍ ማለት ነው። ለዚህ ኢቪውስ ይመቻል።

ኢቪውስ አዲስ ፋይል ሲከፍቱለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ድግግሞሹን ነው፤ ዓመታዊ ነው፣ የሩብ ዓመት ነው፣ ወርሃዊ ነው? ጊዜን የሚያየው እንደ ተራ ዓምድ አይደለም፤ እንደ ቤቱ ምሰሶ ነው። ወርሃዊውን ዳታ ጎትተው የሩብ ዓመት ገጽ ላይ ሲጥሉት ራሱ ይቀይረዋል። እዚህ ግን ዓይንዎን ይግለጡ፤ የዋጋ መለኪያ ሲሆን አማካይ፣ የወጪ ንግድ ገቢ ሲሆን ድምር፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችት ሲሆን የመጨረሻው ወር ቁጥር ነው የሚፈለገው። ዝም ብለው ካለፉት አንዱን ለሁሉም ያደርገዋል፤ የቡና ገቢዎ በሦስት የተካፈለ ሆኖ ይገኛል።

ኤአርዲኤል ከ9ኛው እትም ጀምሮ በምናሌው ውስጥ አለ። የመዋቅር ስብራትን (የተከታታዩ ባሕርይ ድንገት የሚለወጥበትን ጊዜ) ታሳቢ የሚያደርግ የዩኒት ሩት ምርመራም፣ ማለትም ተከታታዩ ወደ ቋሚ አማካይ የሚመለስ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሸው፣ እንዲሁ። ሁለቱም በስታታ ተጠቃሚዎች የጻፏቸውን ተጨማሪ ትእዛዞች ማውረድን ይጠይቃሉ፤ በአርም የየራሳቸው ፓኬጅ አላቸው። ስብራቱ ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አልፏል። ይህን ቀን የሚያካትት ማንኛውም ተከታታይ ዳታ ያለ ስብራት ምርመራ ቢቀርብ አማካሪው ይመልሰዋል፤ መመለስም አለበት።

የኢቪውስ ድክመት ምቾቱ ነው። በማውስ እየጫኑ የተሠራ ሥራ ከስድስት ወር በኋላ «ይህን ቁጥር እንዴት አገኘኸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም በውስጡ አለ፤ ገዝቶት የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ሰው ነው። በዋናነት ለዊንዶውስ የተሠራ መሆኑንም አይርሱ።

ኪስ ባዶ ከሆነ፣ ወይም ዕድሜ ረጅም ከሆነ

አር በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 አንደኛ እትሙ የወጣ፣ እስከ ዛሬም ሳንቲም የማይጠይቅ ነው። በበሩ ከሦስቱም ሰፊው እሱ ነው። የስታታን ፋይል ያነባል፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን ሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ፋይል ያነባል፣ ኤክሴልን ያነባል፤ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ ያስቀምጣል። ስታታ ይህን የፈቀደው ገና በ2019 በወጣው 16ኛ እትሙ ነው። የዓለም ባንክን ዳታ ከሦስቱም ሶፍትዌሮች ሳይወጡ ማምጣት ይቻላል፤ በእጅ አውርዶ ለሚያስገባ ሰው ግን ፋይሉ ሁለት ዓመል አለው። አንደኛ፣ ዓመታቱ ወደ ጎን ተደርድረው ይመጣሉ፤ ስታታ ደግሞ በቁጥር የሚጀምር የተለዋዋጭ ስም ስለማይቀበል ዓምዶቹን በራሱ ስም ይጠራቸዋል። ሁለተኛ፣ የጎደለው ቁጥር በሁለት ተከታታይ ነጥቦች (..) ይተካል፤ በዚያ ምክንያት ዓምዱ በሙሉ ጽሑፍ ነው ተብሎ ይገባል። አር «.. ማለት ባዶ ነው» ብለው በአንድ መስመር ሲነግሩት ይገባዋል።

ዋጋው ግን በጊዜ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ዳገት ናቸው። ፓኬጆቹ ከኢንተርኔት ስለሚወርዱ መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልጉትን ሁሉ አንድ ቀን ከተማ ገብቶ አስቀድሞ ይጫን። ስታታ በዚህ ይበልጠዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ያሉት መመሪያው ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ ይጫናል፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም መልስ አለ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የተጻፈ የስታታ ትእዛዝም የእትሙ ቁጥር ራስጌው ላይ እስካለ ድረስ ዛሬ ይሠራል። የአር ፓኬጆች እንዲህ ያለ ታማኝነት የላቸውም።

ግሬትል የሚባለውን ሶፍትዌር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ያሳዝናል። ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ በምናሌ ይሠራል፣ የኢቪውስንም የስታታንም ፋይል ይከፍታል። አርባ ረድፍ ዓመታዊ ዳታ ይዞ ስለ ኢቪውስ ዋጋ የሚጨነቅ ተማሪ መጀመሪያ ይህን ይጫን። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ሌላ አይፈልጉም።

ኤስፒኤስኤስ ለመጠይቅ ዳታ ጥሩ ነው፤ ለኢኮኖሚክስ ግን ገንዘቡን አላወጣበትም።

ኤክሴልስ? ዳታን ለማየት ነው። 1,048,576 ረድፍ ላይ ይቆማል፤ ችግሩ ግን ያ አይደለም። ኢኮኖሚስቶቹ ራይንሃርትና ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ ዕዳቸው ከጥቅል የሀገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ ሀገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ነው አሉ። በ2013 ቶማስ ኸርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሥራ ፋይላቸውን አግኝቶ ሲያይ የአማካዩ ቀመር አምስት ሀገሮችን ሳያካትት ቀርቷል። ይህና ሌሎች የዳታ ምርጫና የአመዛዘን ጉድለቶች ሲታረሙ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ 2.2 በመቶ ሆነ። በኤክሴል ውስጥ ስህተት ከቁጥሩ ጀርባ ይደበቃል።

ስለ ክፍያው

የሁለቱ የሚሸጡ ሶፍትዌሮች ዋጋ በዶላር ስለሆነ ከላይ ያነሳሁት የምንዛሪ ለውጥ በቀጥታ ነክቶዎታል። ስታታ ለተማሪ በቅናሽ የሚሸጥ ፈቃድ አለው፤ ለአጭር ጊዜ የሚሠራውን መርጦ የጽሑፉን ወራት ብቻ መሸፈን ይቻላል። የዘላለሙን ከገዙ ወደፊት የሚወጡ እትሞች አይካተቱም። ኢቪውስ ለተማሪዎች መጠኑ የተገደበ ነጻ እትም አለው፤ ገደቡ ለአርባ ረድፍ ዳታ አያሠጋም። አሜሪካ ያለ ወንድም «እኔ ልግዛልህ» ካለ ለክፍያው ይሁን፤ የተማሪነት ማረጋገጫው ግን የተጠቃሚው መሆን አለበት። በፍላሽ የሚዞረውን የተሰበረ ቅጂ በተመለከተ፣ ሥነ ምግባሩን ለጊዜው ልተወውና፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከነኮምፒውተሩ በቫይረስ ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስታታም ኢቪውስም ከመግዛት በፊት የሚሞከሩበት እትም ይሰጣሉ። ሲሞክሩ የሻጩን ምሳሌ ዳታ ይተዉት፤ የራስዎን ፋይል ያስገቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በስም 2016 ውስጥ ነው፤ በበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 የጀመረው የ2017 ነው፤ በባንኩ ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ 2024/25 ተብሎ ይጻፋል። ያቺን ቀን ሳይንገዳገዱ ትክክለኛው ሩብ ዓመት ላይ ማስቀመጥ የቻሉበትን ሶፍትዌር ይግዙ።