የኪስ ዋይፋይ በጣና ላይ፦ ጀልባ ላይ ለሚያድር ሰው ይጠቅማል?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ቁንዝላ ወይም ወደ ጎርጎራ የሚሻገር፣ አሣ ሲያሰግርም ጀልባው ላይ የሚያድር ሰው ትልቁ ሐሳቡ ቤተሰቡ ነው። ቤት ያለው «ደርሶ ይሆን?» እያለ ይጨነቃል፤ ውኃ ላይ ያለው ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ይፈልጋል። ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚመከረው የኪስ ዋይፋይ ነው፤ እዚህ የምንገመግመው ህዋዌ ኢ5577 የተባለውን ነው። ጀልባው ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የሚያድር ከሆነ ይገዛ እንላለን። ብቻውን የሚያድር ግን ገንዘቡን በፓወር ባንክና በባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

ዕቃው የ4ጂ ሲም ተቀብሎ ዋይፋይ ይሰጣል፤ በአንድ ጊዜ እስከ 10 ስልክ ይይዛል። ባለ 1,500 ወይም ባለ 3,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ያለው ሆኖ ይሸጣል፤ ለጀልባ ባለ 3,000ውን ምረጡ። ከጥሩ ስማርት ስልክ የተለየ ሲግናል ይስባል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ጥቅሙ ስልክ የማይቀመጥበት ከፍታ ላይ መሰቀል መቻሉ ነው።

ከፍታ ለምን ይጠቅማል? ጣና ወደ 66 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። ውኃው ለጥ ያለ ቢመስልም ምድር ክብ ናትና ሩቅ ያለው የኔትወርክ ማማ ከአድማስ በታች ይቀራል። ማማው 40 ሜትር፣ ስልኩ ከውኃው 2 ሜትር ከፍ ቢል የሚተያዩት እስከ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃው 6 ሜትር ላይ ከተሰቀለ ወደ 36 ይደርሳል። ሐይቁ መሐል ላይ ይህች 4 ኪሎ ሜትር መልእክት በመድረስና ባለመድረስ መካከል ያለች ልዩነት ናት። ከዘጌ ጀርባ የቆመ ጀልባ ግን ችግሩ ሌላ ነው፦ ምድሩና ጥቅጥቅ ያለው የቡና ደን ከባሕር ዳር የሚመጣውን ሲግናል ይጋርዱታል። እዚያ ከፍታ ብቻውን አይበቃም፤ ጀልባውን ወደ ገላጣው ውኃ ፈቀቅ ማድረግ ይሻላል።

አሰቃቀሉ እንዲህ ነው። ዋይፋዩንና አንድ ባለ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ፓወር ባንክ በአጭር ገመድ አገናኝታችሁ ውኃ በማያስገባ ነጭ ከረጢት ክተቱ፤ አፉን ሦስት ጊዜ ጠቅልላችሁ እሰሩ፤ ከዚያ በሸራው ምሰሶ ወይም በጥላው ቋሚ ላይ በገመድ ሳቡት። ዕቃው የውጭ አንቴና መሰኪያ አለው፤ ሆኖም 5 ሜትር ቀጭን የአንቴና ኬብል የሲግናሉን ከግማሽ በላይ ስለሚበላ ዕቃውን ራሱን መስቀል ይበልጣል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከመሐሉ ሳይሆን ከጠርዙ ውጭ አንጠልጥሉት፤ አለዚያ ዋይፋዩ ወደ ታች አይደርስም። ከረጢቱ ጥቁር ከሆነ ወይም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ ባትሪው ይግላል፤ እየሞላ ሲግል ደግሞ ይነፋል። ስለዚህ ሲፈለግ ብቻ ይሰቀል፣ ሲጨረስ ይውረድ። በደንገል ታንኳ ላይ ምሰሶ ስለሌለ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እዚያ የሚያዋጣው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ውኃ የማያስገባ የስልክ ኪስ ነው።

ኃይሉን ከየት እናምጣ ለሚል፣ 20 ዋት ሶላር በበጋ ጥሩ ፀሐይ በ5 ሰዓት ውስጥ ከብክነት ተርፎ 70 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ሁለት ስማርት ስልክና ዋይፋዩን ይሞላል። ክረምት ላይ በግማሽ እንኳ አትተማመኑበት። ከ12 ቮልት ባትሪ ስትሞሉ የመኪና ቻርጀር ተጠቀሙ። ኢንቨርተር 12ቱን ወደ 220 አውጥቶ፣ ቻርጀሩ መልሶ ወደ 5 ሲያወርደው ባትሪው በከንቱ ያልቃል። ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አድርጉ። ሞተሩ በባትሪ የሚነሣ ከሆነ ያን ባትሪ ለስልክ ፈጽሞ አትንኩት። የጣና ውኃ ጨው ባይሆንም እርጥብ መሰኪያ ላይ ቻርጀር መሰካት መዳቡን ይበላዋል፤ አራግፋችሁ፣ አድርቃችሁ ሰኩ።

ሲግናሉን በባሩ ብዛት አትለኩ። ሲሙን አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አድርጋችሁ በሴቲንግ «ስለ ስልኩ»፣ ቀጥሎ የሲም ሁኔታ ውስጥ ግቡ፤ የሲግናሉ ጥንካሬ በዲቢኤም (dBm) እዚያ አለ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በ4ጂ ከ−100 የተሻለ ከሆነ በምስል ማውራት ይቻላል። −110 አካባቢ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኩ፤ የአንድ ደቂቃው 1 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ከ−120 ከወረደ ኢንተርኔቱን ተዉትና አጭር ጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ ጥሪ በሚቆራረጥበት ቦታ እንኳ ብዙ ጊዜ ያልፋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መልእክት ከ70 ፊደል ካለፈ ለሁለት ይከፈላልና አሳጥሩት፦ «እማዬ ደኅና ነን። ቁንዝላ አድረናል። ነገ 3 ሰዓት እደውላለሁ።» ይበቃል።

የኪስ ዋይፋይ የማይፈታው ነገር አለ። እናት ቤት ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ ለእሷ ምንም አይፈይድላትም፤ የምትጠብቀው ተራ ጥሪ ነው። ስለዚህ ባለ ቁልፍ ስልክ ከጀልባው አይጥፋ። ሒሳብ ካለቀ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ *807* ብሎ የሚፈልገውን ሰው ቁጥርና # በማስከተል «ደውልልኝ» ይልካል። የመደወያ ሰዓትም ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ ይወሰን፤ ጧት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣና ማዕበሉ ሲበረታ ምሰሶ ላይ ዕቃ የሚሰቅል እጅ አይገኝም። አንድ ጥሪ ቢቀር ቤተሰብ እስከ ቀጣዩ ሰዓት እንዲታገሥ፣ ሁለተኛውም ከቀረ ወደብ ላይ ያለ ሰው እንዲጠይቅ ተነጋገሩ፤ የዚያን ሰው ቁጥር ጻፉላቸው።

ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ሲም ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃው አንድ ሲም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈም አለ። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም በየተራ ከትታችሁ 4ጂ ሲያሳይና ገጽ ሲከፍት ካላያችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። ሲማችሁ ትንሹ ከሆነ ማቀፊያውን እዚያው ግዙ፤ የጀርባውን ክዳን ከፍታችሁም ባትሪው ያልተነፋ መሆኑን በጣታችሁ ዳስሱ።