የመኪና ቴፕ ባለሙያ ለምትፈልጉ፦ ሶማሌ ተራ ሂዱ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ አንድ ወጣት ባለሙያ ላመሰግን ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ቴፕና ስፒከር ይገጥማል።

ኮሮላዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ ሁለት ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) አለ። ድምፁን ትንሽ ከፍ ሳደርገው አምፑ (የድምፅ ማጉያው) ቀይ መብራት አብርቶ ጸጥ ይላል። ሌላ ቦታ ሳሳይ «ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ» ተባልኩ። ይሄ ልጅ ግን ዋጋ ከመናገሩ በፊት የቤዙን ገመድ ከአምፑ ነቅሎ በቴስተር ለካው። 1 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) እንኳን አይሞላም። አምፑ ላይ ደግሞ ከ2 ኦም በታች እንዳይታሰር ተጽፏል።

ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። እያንዳንዱ ቤዝ ሁለት ባለ 4 ኦም ኮይል (የሽቦ ጥቅል) አለው። አራቱም ፓራለል (ጎን ለጎን) ስለታሰሩ 1 ኦም ሆነዋል። ኦሙ ሲያንስ ከአምፑ የሚወጣው ከረንት ይበዛል። አምፑ ይግላል፣ ራሱን ለማዳንም ይዘጋል። ጤነኛ ነው ማለት ነው!

«በቃ 2 አድርግልኝ» አልኩት። «በእነዚህ ቤዞች 2 አይመጣም» ብሎ ወረቀት ላይ ሣለልኝ። ኃይሉ ለሁሉም ኮይል እኩል እንዲደርስ ከተፈለገ ያለው ምርጫ 1፣ 4 ወይም 16 ነው። 2 የሚገኘው አንዱን ቤዝ ብቻ ስንጠቀም ነው። ስለዚህ የየቤዙን ሁለት ኮይል በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትሎ) አስሮ 8 አደረገው፤ ሁለቱን 8 ፓራለል ሲያገናኛቸው 4 ሆነ። 4 ላይ የአምፑ ኃይል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ግን ሁለቱ ቤዝ አብረው ስለሚገፉ፣ አንዱን ብቻ በ2 ኦም ከማስጮህ ብዙም አይለይም።

እኔ እኮ አዲስ አምፕ ልገዛ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ዝም ብሎ ቢሸጥልኝ ማን ያውቅበታል? በዚህ የዕቃ ዋጋ «አያስፈልግህም» የሚል ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ እንደሌለም አይቶ ጨመረልኝ፤ መስመሩ ሾርት ቢያደርግ እሳት ሊያስነሳ ይችላል አለኝ። ቀለም ላይ ታስሮ የነበረውን የማይነስ ገመድም ብረቱን ፍቆ አጠበቀው።

አሁን ቤዙ ጥርት ብሎ ይመታል። ረጅም መንገድ ስሄድም አይቋረጥም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

የምትፈልጉት በውስጥ ጻፉልኝ፤ ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። የአምፑንና የቤዙን ማኑዋል ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛበት በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።