ለከዚራው የሰነድና የትርጉም ባለሙያ ምስጋና፤ ለተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ ለምታመለክቱም ጥቆማ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከድሬዳዋ ተነሥቼ ወደ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት እጓዛለሁ። የምሄደው በሌላ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች በተዘጋጀ የተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ ፕሮግራም ተቀባይነት አግኝቼ ነው። ለዚህ እንድበቃ ሁለት ዓመት ሙሉ የደከሙልኝን፣ በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈት፣ የትርጉምና የሰነድ ዝግጅት ቤት ያላቸውን አባት ሳላመሰግን ከከተማዬ መውጣት ስላልፈለግሁ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠራቸው እኔም «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

በ2009 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመርቄ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ቆይቻለሁ። እናቴ በስኳር ሕመም ምክንያት እግሯ ቆስሎ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ፤ በእነዚያ ሌሊቶች ቁስሏን የሚያጥቡላትን፣ ስኳሯን የሚለኩላትንና ስትፈራ አጠገቧ ቆመው የሚያጽናኗትን ነርሶች ሳይ፣ ቀሪ ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ላይ ማዋል እንደምፈልግ አወቅሁ። ኮሎምበስ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሐሳቤን ስነግረው የትምህርቱን ወጪ ሊሸፍንልኝና ከቤተሰቡ ጋር ሊያኖረኝ ቃል ገባልኝ።

በመጀመሪያ የሄድኩት ግን ወደ ጋሼ አልነበረም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ዲግሪ እስካለኝ ድረስ ሌላ ምንም እንደማያስፈልግ፣ በስድስት ወር ውስጥም ትምህርት እንደምጀምር ነግሮኝ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ተቀበለኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሣት አቆመ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ጋሼን ያገኘኋቸው ትራንስክሪፕቴን ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ ስገባ ነው። ማሽኑ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ቲቸር፣ ይህ ለምን ጉዳይ ነው?» አሉኝ። ከጡረታ በፊት ብዙ ዓመት በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ስለሠሩ፣ የተማሪ ሰነድ ሲያዩ ዓይናቸው የሚያርፈው ሌላው በማያየው ቦታ ላይ ነው። ነገሩን ስነግራቸው ያቀረቡልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ሐረር ሄጄ ለመማር አስቤ እንደሆነ ነበር። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው ሐረር መሆኑን፣ በአገራችን መደበኛው የነርሲንግ ዲግሪ 4 ዓመት እንደሚፈጅና ለእናቴም ቅርብ እንደምሆን አስረዱኝ። የአሜሪካው የተፋጠነ ፕሮግራም በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጀው ትምህርቱ ቀላል ሆኖ ሳይሆን፣ የቀድሞው ዲግሪ የጋራ ኮርሶችን ስለሚሸፍንና የክረምት ዕረፍት የሚባል ነገር ስለሌለው መሆኑንም አብራሩልኝ። ሁለቱን አማራጮች በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ሰጥተው «ከእናትሽ ጋር ተማከሪበት» ብለው ሸኙኝ። በዚያን ቀን የከፈልኳቸው የፎቶ ኮፒውን ዋጋ ብቻ ነው።

ወስኜ ስመለስ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል «አሁን አይሆንም» የሚል ነበር። ለእነዚህ ፕሮግራሞች ዲግሪው ብቻውን በቂ አይደለም፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ከነላቦራቶሪው፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሥነ ምግብና የሰው ልጅ ዕድገት ሥነ ልቦና አስቀድመው መወሰድ አለባቸው። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ ብዙዎቹ ደግሞ የሳይንስ ኮርሶቹ ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ የቆዩ ከሆነ አይቀበሏቸውም። የእኔ ማይክሮባዮሎጂ ጊዜው አልፎበታል፤ የሰው አናቶሚና ፊዚዮሎጂን ደግሞ እነርሱ በሚጠይቁት መጠን ጭራሽ አልወሰድኩም። ያ ጉዳይ አስፈጻሚ አንዲቷን እንኳ አልነገረኝም ነበር። ጋሼ የስምንት ትምህርት ቤቶችን መስፈርት ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው መስመር በመስመር አነበቡ፤ የጎደለኝንም በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩልኝ።

የጎደሉትን ኮርሶች በኢንተርኔት ከሚያስተምር የአሜሪካ ኮሌጅ ልውሰድ ስል፣ ከመመዝገቤ በፊት የማመለክትባቸው ትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት የተወሰደ ላቦራቶሪ ይቀበሉ እንደሆነ በኢሜይል እንድጠይቅና መልሳቸውን አትሜ እንዳስቀምጥ አዘዙኝ። ሁለቱ አንቀበልም አሉ። ባልጠይቅ ኖሮ ገንዘቡንና ወራቱን ከስሬ የማውቀው ማመልከቻዬ ውድቅ ሲሆን ነበር።

እነዚያን ኮርሶች የተማርኩበትን ጊዜ ሳስብ አሁንም ልቤ ይሞላል። የአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች በእነርሱ የብርድ ወራት ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆኑ፣ እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ፈተና እኔ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ፈተናው በካሜራ ቁጥጥር የሚሰጥ በመሆኑ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ችግሩ የእኔ ነው። የጋሼ ሱቅ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር የተያያዘና መጠባበቂያ ባትሪ ያለው ስለሆነ፣ ፈተና ባለብኝ ሌሊት ሁሉ የጓሮውን ክፍል ለቀቁልኝ። ባለቤታቸው ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) አፍልተው በፔርሙስ ያስቀምጡልኝ ነበር። ፈተናው ሲያልቅ ሊነጋ ስለሚቃረብ እስኪነጋጋ ድረስ እዚያው አቆይተው፣ ከዚያም በሚያውቁት ባለ ባጃጅ ወደ ቤቴ ይሸኙኛል። ለዚህ ሁሉ አንድም ቀን ሒሳብ አልጠየቁኝም፤ እኔ ሳነሣባቸውም ይቆጡ ነበር። እትዬ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ የአናቶሚ ውጤቴ ውስጥ የአንቺም ድካም አለበት።

ሁለተኛው «አይሆንም» ከሁሉ የበለጠ ያዳነኝ ነው። ክፍያው ከሌሎቹ ያነሰ፣ ማስታወቂያው የሚማርክ አንድ ፕሮግራም አግኝቼ የማመልከቻውን ገንዘብ ወንድሜ ሊከፍልልኝ ተዘጋጅቶ ነበር። ጋሼ ገጹን እስከ መጨረሻው ድረስ ሲያነቡ፣ የንድፈ ሐሳብ ትምህርቱ በኢንተርኔት፣ ልምምዱ ብቻ በአካል እንደሚሰጥ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኙ። ኤፍ-1 በተባለው የተማሪ ቪዛ የሚማር የውጭ አገር ተማሪ ለሙሉ ጊዜ ምዝገባው በአንድ ወሰነ ትምህርት የሚቆጠርለት የኢንተርኔት ኮርስ አንድ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ ሊሰጠኝ እንደማይችል ጠረጠሩ። «ከመክፈልሽ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቂ» ብለው ኢሜይሉን አብረን ጻፍን። በሁለተኛው ቀን የመጣው መልስ ለውጭ አገር ተማሪ አይ-20 እንደማይሰጡ የሚገልጽ ነበር። ትምህርት ቤቱ የደበቀው ነገር አልነበረም፤ እኔ ነኝ ማንበብ ያለብኝን ያላነበብኩት። ለተፋጠነ ነርሲንግ የምታመለክቱ ወገኖቼ፣ ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በዚህ መልክ የተዋቀሩ ስለሆኑ፣ ከክፍያ መጠኑም ከቆይታውም በፊት ይህችን ጥያቄ አስቀድሙ።

የሰነድ ሥራቸውን ጥራት የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። በትራንስክሪፕቴ ላይ የተመዘገበው ኢ ሲ ቲ ኤስ የተባለው የአውሮፓ የትምህርት መጠን መለኪያ እንጂ የቀድሞው ክሬዲት አወር አይደለም፤ ኮርሶቹም በሞጁል የታቀፉ ናቸው። ቁጥሩ እንዳለ እንደ አሜሪካ ክሬዲት ቢጻፍ ከወሰድኩት በላይ የወሰድኩ ስለሚያስመስል፣ እንዲያ አድርገው እንዲጽፉልኝ የመከረኝን ጓደኛዬን ፊት ለፊት «ይህ ውሸት ነው» አሉት። ይልቁንም የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ከተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ አስመጥቼ፣ ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃን ለአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ወደሚገመግም ድርጅት በቀጥታ እንዲላክና ግምገማውም በኮርስ ደረጃ የተዘረዘረ እንዲሆን አደረጉ። የአባቴ ስም በፓስፖርቴ በአንድ ኤስ፣ በዲግሪዬ በሁለት ኤስ መጻፉን ያስተዋሉትም እርሳቸው ናቸው። የልደት ዘመኔ ከእኛ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲመለስ በአንዱ ሰነድ ላይ አንድ ዓመት መዛነፉንም እንዲሁ አገኙ። ሁለቱንም ለማስተካከል ወደ ሦስት ወር ገደማ ፈጅቶብኛል፤ ቀደም ብለን ባንጀምር ኖሮ የማመልከቻው ቀን ያልፍብኝ ነበር።

ስለ ክትባት ያሉኝንም ብዙ ሰው ስለማያውቀው እጽፈዋለሁ። የነርሲንግ ተማሪ ሆስፒታል ገብቶ ከመለማመዱ በፊት የሄፓታይተስ ቢ፣ የኩፍኝና የሌሎችም ክትባቶች ማስረጃ ይጠየቃል። በተለመደው የሄፓታይተስ ቢ ሦስት ዶዝ አሰጣጥ የመጨረሻው ከመጀመሪያው 6 ወር በኋላ ስለሚሰጥ፣ ተቀባይነት እስኪገኝ ተጠብቆ የሚጀመር አይደለም። በሕፃንነታችን ቢሲጂ የተባለውን የቲቢ መከላከያ የተከተብን ሰዎች ደግሞ በቆዳ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ያለ በሽታው ፖዘቲቭ ሊያሳየን ስለሚችል፣ ትምህርት ቤቱ የደም ምርመራውን ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ይጠቅማል። ይህን ለጋሼ የነገሯቸው ቀደም ሲል ያስተናገዷቸው ነርሶች ሲሆኑ፣ እርሳቸው በደብተር ጽፈው ለሚቀጥለው ሰው ያቆዩታል። ያ ደብተር በእኔ ግምት ከኮምፒውተራቸው ይበልጣል።

ለአይ-20 የወንድሜን የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤና ቤቱ እንደሚያኖረኝ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ አዘጋጅተናል። አንድ ዘመዴ በውሰት ገንዘብ በስሜ ሒሳብ ሞልተን እናሳይ ቢል፣ ጋሼ እንዲህ ያለ ሰነድ ከቤታቸው እንደማይወጣ በእርጋታ ነገሩት። 350 ዶላሩን የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ አገር ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) ክፍያና 185 ዶላሩን የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ከፍለን፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ የሚሸመደድ መልስ እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። «የሸመደድሽው መልስ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥ ይጠፋብሻል፤ የራስሽን ኑሮ አውሪ» አሉኝ። በምትኩ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ቆንስል ሆነው ጠየቁኝ። ለምን ነርሲንግ፣ ለምን አሁን፣ ማን ይከፍላል፣ ስትጨርሺ ምን ትሠሪያለሽ የሚሉትን ሁሉ ስለ እናቴና ስለ ተማሪዎቼ እያወራሁ መለስኩ። ኤምባሲው መስኮት ላይም ያወራሁት ይህንኑ ነው።

ስለ ሥራም ራሴን እንዳላታልል አስጠንቅቀውኛል። በተማሪ ቪዛ የመጀመሪያውን የትምህርት ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት እንደማይፈቀድ፣ ትምህርቱ በራሱ የሙሉ ቀን ሥራ መሆኑን፣ ከምረቃ በኋላ የሚገኘው የሥራ ልምምድ ፈቃድ 12 ወር መሆኑንና ኤንክሌክስ የተባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና ሳላልፍ ነርስ ሆኜ መቀጠር እንደማልችል አንድ በአንድ ነግረውኝ፣ ወንድሜም በስልክ እንዲሰማ አድርገዋል። ለእናቴ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ ብዬ ያቀድኩትን ያን ዕለት ሰረዝኩት፤ እኔ እስክመለስ ታናሽ እህቴ ከእርሷ ጋር እንድትኖር የተስማማነውም ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሼ ለሁሉም ሰው ይመቻሉ አልልም። ይዘገያሉ፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ያነባሉ፤ በስልክ ብቻ ጉዳይ አይጨርሱም፤ ቪዛ አስገኛለሁ ብለውም ቃል አይገቡም። ዋጋቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ መስፈርቱን የማያሟላ ሰው ሲመጣ ደግሞ ገንዘብ ሳይቀበሉ ይመልሱታል። ሲመልሱትም ምን እንደጎደለው ጽፈው ነው።

አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ለመስጠት ፈቅደውልኛል። ከሐረር የምትመጡ ጠዋት ተነሡ፤ ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በሙቀቱ ምክንያት ይዘጋሉ። ፓስፖርታችሁንና የትራንስክሪፕታችሁን ቅጂ ያዙ፤ የምታመለክቱበትን ትምህርት ቤት መስፈርትም አትማችሁ ውሰዱ፤ ከስልክ ላይ ማንበብ ዓይናቸውን ያደክማቸዋል።