ባለ ጋዝ ፎርክሊፍት ደሴ ላይ፦ በረዶው የመጣው ከብርዱ አይደለም

2.5 ቶን የሚያነሳው ፎርክሊፍት ወራት ከሠራ በኋላ አንድ አመል አወጣ። ጠዋት ይነሳል፤ ከባድ ፓሌት ሲያነሳ ግን ሬጉሌተሩ (ፈሳሹን ጋዝ ወደ ትነት ቀይሮ ግፊቱን የሚቀንሰው ክፍል) በረዶ ለብሶ ሞተሩ ይጠፋል። ሻጩን ብትጠይቁት «የደሴ ብርድ ነው» ይላችኋል። ብርዱስ እውነት ነው፤ ጥፋተኛው ግን እሱ አይደለም።

የፎርክሊፍት ቅድመ አያት የሆነው የ1917ቱ (እ.ኤ.አ.) የክላርክ ትረክትራክተር በቤንዚን ነበር የሚሄደው። ጋዝ በኋላ ሲመጣም ሞተሩ ያው የቤንዚን ሞተር ሆኖ ቀረ፤ በካርቡሬተር ፋንታ ሬጉሌተርና ጋዙን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ሚክሰር ገቡ። ፈሳሹ ጋዝ ሬጉሌተሩ ውስጥ ሲተን ሙቀት ይስባል፤ ሙቀቱን የሚሰጠው የሞተሩ ውሃ ነው። ውሃው ከጎደለ፣ አየር ከያዘ ወይም የቧንቧ ውሃ ደለል መንገዱን ከዘጋው ሬጉሌተሩ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው ጎማም ይደርቃል።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄዱትን ሁለት የውሃ ቱቦዎች ዳስሱ። ሁለቱም ሙቅ መሆን አለባቸው። አንዱ ከቀዘቀዘ ሞተሩን አብርዱና ራዲያተሩን ሙሉ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ የመመለሻውን ቱቦ ጫፍ ትንሽ በማላላት አየሩን አስወጡ። የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት «ሞተሩ ይሞቃል» ብሎ አውጥቶ የሚጥል መካኒክ እዚህ ከተማ ውስጥ ማሽን ይገድላል፤ ያለሱ ውሃው በደንብ አይሞቅም። በቧንቧ ውሃ ፋንታ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) እና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል። በረዶውን በለብ ያለ ውሃ እንጂ በእሳት አታቅልጡ።

«የወጥ ቤት ሲሊንደርም ይሠራለታል» የሚለውን ሻጭ አትስሙት። የወጥ ቤቱ ከላይ ትነት ይሰጣል፤ ይህ ማሽን ደግሞ ፈሳሽ ይጠጣል። የራሱ ሲሊንደር ተጋድሞ ሲታሰር የማስተንፈሻው ቫልቭ ወደ ላይ እንዲሆን የሚያደርግ መያዣ ቀዳዳ አለው፤ የወጥ ቤቱ የለውም። ቡቴን የበዛበት ጋዝም በደሴ ጠዋት ግፊቱ ይወርዳል፤ ቡቴን የሚፈላው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነውና። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል።

2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ሞተሩ ጉልበቱን በሩብ ገደማ ያጣል፤ ዳገት ላይ ይታወቃል። ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ መጋዘን ላላቸው ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ይህን ማሽን በናፍጣ አልለውጠውም። ጭሱ ይቀላል፣ ዘይቱም ቶሎ አይጠቁርም። «ንጹህ ነው» ብላችሁ ግን በተዘጋ መጋዘን አታስነሱት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። ማታ ላይ ቁልፉን ከማጥፋታችሁ በፊት የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ቱቦው ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ሌሊቱን ሙሉ ማጣሪያውንና መዝጊያውን ሲገፋ ያድራል።